ማስተካከያ፦ ስለ ሃስኬል የቀስት አጻጻፍ

ቅዳሜ ለገጣፎ ለተገናኘን ጀማሪዎች ስለ ቀስት አጻጻፍ ያጋራሁት ማስታወሻ ሁለት ስህተት አለበት። አጻጻፉ በሃስኬል የፕሮግራም ቋንቋ ቀስቶችን፣ ማለትም ግብዓት ተቀብለው ውጤት የሚሰጡ ስሌቶችን፣ ለማያያዝ ያገለግላል።

አጻጻፉን የፈጠረው ጆን ሂዩዝ ነው ብዬ ነበር። ሂዩዝ በ2000 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የቀስቶችን ሐሳብ ነው። አጻጻፉን በ2001 ያመጣው ሮስ ፓተርሰን ነው፤ ከጥናት ጽሑፉ አረጋግጫለሁ።

ዋናው ግን ይሄኛው ነው። በፕሮክ (proc፣ የቀስቱን ግብዓት የሚሰይመው ቁልፍ ቃል) የተሰየመ ተለዋዋጭ የትም ይሠራል ብያለሁ። አይሠራም። በተለመደው የቀስት ጭራ ምልክት (-<፤ በግራው ቀስቱ፣ በቀኙ ለቀስቱ የሚሰጠው ግብዓት ይጻፋል) በስተቀኝ እንጂ በስተግራ አይታይም። የግራው ቀስት ግብዓቱ ከመምጣቱ በፊት የታወቀ መሆን አለበትና። የጂኤችሲ (GHC፣ የሃስኬል ኮምፓይለር) መመሪያም ይህንኑ ያስረዳል።

የእኔን ምሳሌ ሞክራችሁ "ተለዋዋጩ አይታወቅም" የሚል መልእክት የመጣባችሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ። ተለዋዋጩን ወደ ቀኝ አዛውሩት። ጥቅሙ ላይ ያልኩት ግን እንዳለ ነው፦ እሴቶችን በጥንድ እየቋጠሩ ከማሳለፍ ይገላግላል።