ባዶውን በኪሎ

ባለፈው ጥር አንድ ወዳጄ የሦስት ቀን ሥልጠና ተካፍሎ መጣና «ቆሻሻ ማለት ቦታውን የሳተ ሀብት ነው» አለኝ። ሥልጠናው አበል ስለነበረው እሱ ሀብቱን ቀድሞ አግኝቶታል። እኔ ግን ያን ዕለት ማታ ከልጄ የሒሳብ ደብተር አንድ ቅጠል ገንጥዬ ተቀመጥኩ። በቀን ይህን ያህል ሃይላንድ፣ በወር ይህን ያህል፤ አባዛሁ፣ ደመርኩ። ከገጹ ግርጌ «በሁለት ዓመት ባጃጅ» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። አሁን ስሙን የወረሰው ባዶው ፕላስቲክ ነው፤ ውሃው የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ ተጠጥቶ ሲያልቅ ሃይላንድ ይሆናል። በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

እስከ ሰኔ ድረስ ሰበሰብኩ። ሠርግ ስጠራ ከድንኳኑ መጨረሻ የምወጣው እኔ ሆንኩ፤ የሙሽሮቹ ቤተሰብ ለማጽዳት የቀረሁ መስሏቸው መረቁኝ። ባለቤቴ ጓሮው ሲሞላ «ባጃጁ የት ሊቆም ነው?» ከማለት በቀር ክፉ አልተናገረችም። ጎረቤታችን እቴቴ ግን አንድ ቀን መጥተው ጆንያዎቹን በረበሩ። ያልተጨማደደውን፣ ክዳኑ ያልጠፋውን፣ ሽታ የሌለውን እየመረጡ «ልጄ፣ እነዚህን ልውሰዳቸው?» አሉ። አርባ የሚሆኑ ናቸው፤ ለባለጸጋ አርባ ምኑ ነው? ይውሰዱ አልኩ።

እቴቴ ሥልጠና ወስደው አያውቁም። እሳቸው ቤት የብስኩት ቆርቆሮ የመርፌና የክር ቤት ነው፤ የዘይት ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ሆኗል። የቲማቲም ድልህ ጣሳማ ሹመት አግኝቷል፤ የልጅ ልጃቸው ለውዝ የምትሰፍረው በእሱ ነው። ቂጡ ወደ ውስጥ መጎድጎዱን ያየ ሁሉ ያያል፤ እቴቴ «ወድቆ ነው» ይላሉ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይወድቃል።

የሽያጩ ቀን ሦስቱን ጆንያ በባጃጅ ጫንኩ። ጆንያዎቹ ተቀመጡ፤ እኔ ተንጠለጠልኩ። ሰብሳቢው ልጅ ገና ሲያየኝ «ጋሼ፣ ክዳኑ ሌላ፣ ጠርሙሱ ሌላ ነው» አለ። ለካ ሁለቱ የተለያየ ፕላስቲክ ናቸው፤ ተፈጭተው ውሃ ውስጥ ሲገቡ የጠርሙሱ ስባሪ ይሰምጣል፣ የክዳኑ ይንሳፈፋል፤ ፋብሪካ የሚለያቸው በዚህ ነው። የሰመጠው ታጥቦ፣ ቀልጦ፣ ወደ ክር ተለውጦ ሹራብ ሊሆን ይችላል። ለድሬዳዋ ሹራብ!

ክዳን ስፈታ ረፈደ። ከዚያ ልጁ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ገልብጦ አራገፈ፤ ለሚዛን ብለው ውሃ የሚተዉበት፣ አሸዋ የሚጨምሩበት ሰዎች አሉ አለኝ። እኔን አላለኝም፤ ግን የእኔንም አራገፈ። ሚዛኑ 6 ኪሎ ተኩል አለ። የአምስት ወር ልፋት፣ የሦስት ጆንያ ክምር፣ የአንድ ሕፃን ክብደት!

«ጋሼ፣ ያመጡት አየር ነው» አለኝ አዝኖ። እሱም ቢሆን ከአየሩ ጋር ይታገላል፤ ሳይረገጥና ሳይታሰር ወደ አዲስ አበባ የተጫነ እንደሆነ መኪናው 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳጅ የሚያቃጥለው አየር ለማድረስ ነው። የአሉሚኒየም ጣሳ ብሰበስብ ይሻለኝ እንደነበር መከረኝ። እውነቱን ነው፤ አሮጌ አሉሚኒየም ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ለማምረት ከሚያስፈልገው ኃይል 95 በመቶውን ስለሚያድን ፈላጊው ብዙ ነው። የቢራ ጠርሙስማ መንገድ ላይ ሲንከራተት አይታይም። ማስያዣ ተከፍሎበታል፤ ሰካራም እንኳን እሱን አይረሳም።

«ፌስታልስ?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ሁለት ዓመቴ አሥር ሲሆን እየታየኝ።

«ፌስታል ለፍየል ነው» አለ።

አልቀለደም። ጫት ድሮ በኮባ ተጠቅልሎ ይመጣ ነበር፤ ፍየል ኮባውንም ገረባውንም ትበላና ጉዳዩ በዚያው ይዘጋ ነበር። አሁን ጫቱ የሚመጣው በፌስታል ነው፤ ለፍየሏ ግን የነገራት የለም። እቴቴ ለፋሲካ ያሳረዷት ፍየል ሆዷ ሲከፈት የልጅ ኳስ የሚያህል የፌስታል ድቡልቡል ወጣ። አራጁ ቢላዋውን አቁሞ «እቴቴ፣ ይቺ ሱቅ ነበረች እንዴ?» አለ። በኪሎ የገዟት ቢሆን ኖሮ ሁለት ኪሎው የእሱ ነበር።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ፌስታል በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 513 ተከልክሎ ነበር። ፍየል ሚሊ ሜትር አትለካም፤ እኛም አልለካንም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ውፍረት ሳይመርጥ ጠቅልሎ ከለከለው። ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ባለሱቅ «ፌስታል የለም» ይላል፤ ግራ ቀኙን ያያል፤ ከባንኮኒው ሥር ያወጣል። ቀድሞ እንዲሁ ይሰጠኝ የነበረውን አሁን በምሥጢር ይሰጠኛል።

ፍየል ያልደረሰችበት ወደ ደቻቱ ይወርዳል። ከዚራንና መጋላን የሚከፍለው ይህ ወንዝ በበጋ አሸዋ ስለሆነ ሁላችንም ቅርጫት ያደረግነው ይመስላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ተኝተን ሳለ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው እሱ ነው። ያን ሌሊት የሚያስታውስ ሰው ክረምት ሲገባ በሃይላንድ የተደፈነ ቱቦ ሲያይ ቀልዱ ይጠፋበታል። እኔም እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

የ6 ኪሎ ተኩሉ ገንዘብ የባጃጁን መልስ ከፍሎ ለሁለት ቀዝቃዛ ውሃ ተረፈ። አንዱን ጠጣሁ፤ አንዱን ለባለቤቴ ያዝኩ። በራችን ላይ እቴቴን አገኘኋቸው። አርባውን ሃይላንድ አጥበው ለወተትና ለዘይት ቸርቻሪዎች በነጠላ ሸጠዋል፤ ሒሳቡን ሲነግሩኝ የእኔን አልነገርኳቸውም። ከእኔ ሦስት ጆንያ የእሳቸው አርባ በልጧል።

«ልጄን ለውዝ ስጪው» አሉ ለልጅ ልጃቸው። በዚያው በጎደጎደው ጣሳ ሰፍራ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። እየበላሁ ወረቀቱን ገለጥ ሳደርግ የእጅ ጽሕፈቱ የማውቀው ነው። ከግርጌው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ለውዙ የባቢሌ ነው፤ በደንብ ተቆልቷል።