ጭንቀት በበዛበት ክረምት ጸሎት እንዴት ይያዛል?

ጅማና ዙሪያዋ የሚኖሩት በቡና ነው። ቀዩ ቡና በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ይለቀማል፤ ብሩም ያኔ ይገባል። ሰኔ ሲደርስ ብዙው ቤት የሚያድረው በዱቤና በብድር ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀና ኑሮ ከተወደደ ወዲህ ደግሞ ደመወዝተኛውም የአርሶ አደሩን ክረምት አውቆታል። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። «ጸልይ፣ ሰላም ታገኛለህ» የሚለው ምክር በዚህ ሁሉ መካከል ከየአቅጣጫው ይመጣል። ምክሩ እውነት ነው። የጎደለው አያያዙ ነው፦ መቼ፣ ምን ያህል፣ ምን ብሎ።

ብዙ ሰው ሰላምን እንደ ስሜት ይጠብቀዋል። ሁለት ቀን ጸልዮ ልቡ ካልረጋ «እግዚአብሔር አልሰማኝም» ብሎ ያቆማል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን የተሠራው በስሜት ላይ አይደለም፤ በሰዓት ላይ ነው። ነግህ (ንጋት)፣ ሦስት ሰዓት፣ ቀትር፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ (ምሽት)፣ መኝታና መንፈቀ ሌሊት (እኩለ ሌሊት)፦ 7 የጸሎት ጊዜያት። ባለሱቅ ወይም ነርስ ሰባቱን ይፈጽም የሚል ቀናኢ ካለ ኑሮን አያውቅም። ሁለቱን፣ ማለትም ጠዋት ከቤት ሳይወጡና ማታ ከመኝታ በፊት ያለውን፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መያዝ ይበቃል።

ብዙዎች የሚወድቁት በመጠኑ ነው። ዳዊት፣ ማለትም 150ው መዝሙራት ለጸሎት የሚነበቡበት መጽሐፍ፣ «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች ይከፈላል፤ አንዱ ንጉሥ 10 መዝሙር ነው። በልማዱ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80 እየተባለ ቅዳሜ 150ኛው ላይ ይደረሳል። የተጨነቀ ሰው በአንድ ሰኞ ሦስቱን ንጉሥ ልወጣ ብሎ ይነሣል፤ ሐሙስ ላይ መጽሐፉ ተዘግቷል። ከዚያ ጸሎቱ ራሱ ሌላ ዕዳ ይሆንና በነበረው ጭንቀት ላይ ይደረባል። በአንድ መዝሙር ይጀመር፤ ሳይዘለል አንድ ወር ከሄደ ሁለተኛው ይጨመር። (ዳዊትና የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥራቸው በአብዛኛው በአንድ ይለያያል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በዳዊት 22ኛ፣ በመጽሐፍ ቅዱሱ 23ኛ ነው። ፈልጎ ያጣ ሰው ይህን ይወቅ።) የወንጌላውያን አማኞችም ቢሆኑ፣ የራሳቸው ቃል ሲያልቅባቸው በመዝሙረ ዳዊት ቢጸልዩ የሚከለክላቸው የለም።

ቀጥሎ ልመናው። ጳውሎስ «በአንዳች አትጨነቁ» ብሎ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ እስር ላይ ነበር፤ ምክሩ ከምቾት የወጣ አይደለም። «ልመናችሁን አስታውቁ» ይላል፤ ከምስጋና ጋር። «ጌታ ሆይ፣ ሁሉን አንተ ታውቃለህ» ብሎ ማለፍ ትሕትና ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩን ላለመጥራት ነው። «ለነሐሴ ኪራይ 2,000 ብር ጎድሎኛል» ይባል። ወረቀት ላይ ቢሰፍር ደግሞ ይሻላል፤ በአንድ በኩል ዛሬ በእጄ ያለው፣ በሌላው በእጄ የሌለው። ኪራዩ ሊያልፍ እንደሆነ ቀኑ ሳይደርስ ለአከራዩ ሄዶ መንገር በእጅ ነው። የቡና ዋጋ በእጅ አይደለም። የመጀመሪያው ይሠራል፣ ሁለተኛው ይጸለይበታል፤ ከዚያ «አሜን» ተብሎ ይዘጋል። ያለዚያ ሰውየው ግማሽ ሰዓት ተንበርክኮ የሚያደርገው ጭንቀቱን መልሶ መላልሶ ማኘክ ነው፤ ሲነሣ ብሶበት ይነሣል።

እንቅልፍ የተለየ ቦታ ይገባዋል። ጭንቀት የያዘው ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ይነቃና ስልኩን ይከፍታል፤ ፌስቡኩ ደግሞ የሀገሩን መከራ ሁሉ አሰባስቦ ይጠብቀዋል። ለዚያች ሰዓት ግን ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ጸሎት መድባላታለች። 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እንቢ ካለ ከአልጋ ወርዶ አንድ መዝሙር በዝግታ ማንበብና ሲያሸልብ መመለስ ነው። የእንቅልፍ ሐኪሞችም ከአልጋ መውረዱን ይመክራሉ። ቡናውም አይረሳ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ከተጠጣው ቡና ማነቃቂያ ግማሽ ያህሉ ሌሊት 6 ሰዓትም ሰውነት ውስጥ አለ። ጅማ ላይ ቡና ይቅር ማለት ከባድ ነው፤ የማታውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ማምጣት ግን ይቻላል። ፈተና የደረሰበት ተማሪ ሌሊቱን በጫት አንግቶ ጠዋት «ጸሎት አላረጋጋኝም» ቢል ጸሎቱን ምን እናድርገው? ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ በመጀመሪያ ስብከት አላመጣለትም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ኤልያስ በልቶ ተመልሶ ተኛ፤ መልአኩም ደግሞ ቀስቅሶ አበላው።

ሰላምን በዋጋ የሚሸጡ አሉ። ገንዘብ ካላመጣህ ቃሉ አይፈጸምም የሚል «ነቢይ»ም፣ ለቅባት ጠርሙስ ዋጋ የሚቆርጥ አጥማቂም ለእኔ አንድ ናቸው። የተበደረ ሰው ለእነሱ ሲል ሁለተኛ ይበደራል። ከዚያ ይልቅ የጽዋ ማኅበሩ ወይም የቤት ለቤት ጸሎቱ ቡድን ይጠቅማል፤ በወር አንድ ቀን ቢሆንም የቀረውን ሰው «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አለበት።

ጸሎት ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። ሐዘን ወይም ጭንቀት ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ ምግብና እንቅልፍ ከነሣ፣ ሥራ ካስተወ ሐኪም ይታይ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ፤ ያን ሰው ብቻውን መተው አይገባም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከሩቅ የሚመጣበት ቦታ ለጅማ ሰው ቅርቡ ነው። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚበላሸው መድኃኒቱ ነው። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፤ ብዙዎች በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራም» ብለው ይጥሉታል። ሌሎች ጠበል ሲገቡ ያቋርጡታል። ጠበሉና ኪኒኑ አይጣሉም፤ በድንገት ማቋረጥ ግን ሕመሙን ሊመልስ ይችላል። ጾም ሲገባ ኪኒኑ ከምግብ ጋር በጠዋት የታዘዘ ከሆነ ጉዳዩ ለንስሐ አባት ይነገር፤ ለታመመ ሰው ጾሙን ማቅለል ሥልጣናቸው ነው። ጥያቄው መቅረብ ያለበትም ጾሙ ከመያዙ በፊት ነው፤ ሰዓቱን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ለመጠየቅም ጊዜ ይኖራል።