ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር «ኮር አይ ሰባት» ስቲከር

ቁጥር፦ ፎቶ/አይ7/ልጣጭ
ቀን፦ የጥር ሰርግ ሊገባ ሲል
ለ፦ ክቡር «ኮር አይ ሰባት» ስቲከር፣ ባሉበት
ጉዳዩ፦ ከወንበርዎ እንዲነሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ እስከ ባቲ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ በተደረደረበት ሁሉ ብልጭ ብለው ስለሚቀበሉን በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ባትሪው ሳይታይ፣ ስክሪኑ ሳይበራ፣ የላፕቶፑን አንጎል፣ የፕሮሰሰሩን ስም ተሸክመው መጀመሪያ የሚነበቡት እርስዎ ነዎት። አንዲት ፎቶ አንሺ ስለ ፎቶ ማረሚያ ፕሮግራሞቹ «ላይትሩምና ፎቶሾፕ ይችላል?» ብላ ስትጠይቅ ሻጩ አይመልስላትም፤ በጣቱ እርስዎን ነካ አድርጎ «አብሽሪ እህቴ፣ አይ ሰባት ነው» ይላታል። ጥያቄው እዚያው ያልቃል። በወሎ ምድር ከአገር ሽማግሌ ቀጥሎ ቃሉ የማይመለሰው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክለው ወረቀትዎ ብቻ ነች።

ዕድሜዎን ግን ለምን ይደብቃሉ? «አይ ሰባት ማለት ሰባተኛ ጄኔሬሽን ነው» እየተባለ በስምዎ ሲወራ አንድም ቀን ማስተባበያ አላወጡም። ጄኔሬሽኑ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የስንተኛው ዙር ምርት እንደሆነ የሚናገረው፣ ያለው ከስምዎ ቀጥሎ በሚመጣው ቁጥር ላይ መሆኑን እርስዎም ያውቁታል። 6600ዩ ስድስተኛ ነው፣ 8350ዩ ስምንተኛ፣ 10210ዩ አሥረኛ፣ 1135ጂ7 ደግሞ አሥራ አንደኛ። ይህ ቁጥር እርስዎ ላይ አልተጻፈም። ሞዴሉን ሳይናገሩ «ቶዮታ ነው» ብሎ መኪና እንደመሸጥ ነው።

ቁጥሩ ሲታወቅ የሚሆነው ይኸው፦ አይ ሰባት 6600ዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ 2 ኮር (ሥራ ሠሪ ክፍል) እና 4 ትሬድ (በአንዴ የሚያካሂደው የሥራ መስመር) ያለው ነው። አይ አምስት 8350ዩ በ2017 ወጣ፤ 4 ኮርና 8 ትሬድ አለው። ላይትሩም 500 የሰርግ ፎቶ ወደ ጄፔግ ኤክስፖርት ሲያደርግ ሥራውን ለኮሮቹ ያከፋፍላል፤ ስለዚህ «ታናሹ» አይ አምስት ጨርሶ ሻይ ሲጠጣ እርስዎ ገና ፋንዎን እያስጮሁ ነው። ሻጩ መቼም አያልቅበትም፤ «ያ 1.7 ጊጋኸርዝ፣ ይሄ 2.6!» ይላል። ይህ መነሻ ፍጥነት ነው። ሥራ ሲበዛ እርስዎ እስከ 3.4፣ ያኛው እስከ 3.6 ይወጣሉ።

አንበድልዎት፤ መጨረሻዎ ላይ ዩ ሳይሆን ኤችኪው ካለ ያው ስድስተኛ ጄኔሬሽን ሆነውም 4 ኮር አለዎት። ነገር ግን በዩ 15 ዋት ፋንታ 45 ዋት ስለሚበሉ ይሞቃሉ፣ ባትሪውንም ቶሎ ይጨርሱታል። በዚያ ላይ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር በይፋ አይቀበልም። በጀቱ ለጠበበ ሰው ስምንተኛ ጄኔሬሽን አይ አምስት መነሻ የሚሆነው ለዚህ ነው። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490 እና ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 በዚሁ መደብ ያሉ ናቸው። በሦስቱም ከእርስዎ ይልቅ አይ አምስቱን ገዝቶ የተረፈውን ብር ራም (ክፍት ሥራዎች የሚያርፉበት ጊዜያዊ ማህደር) ላይ ማዋል ይሻላል።

እርስዎን የመሰለ ስቲከር በሉህ ታትሞ እንደሚሸጥም ሰምተው ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ የሚታየው የፕሮሰሰር ስም እንኳ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ገብቶ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ገዢ ማሽኑን አጥፍቶ ሲያበራ በኤችፒ ኤፍ10፣ በዴል ኤፍ2፣ በቲንክፓድ ኤፍ1 ደጋግሞ ተጭኖ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ይግባ። እውነተኛው ስም፣ የራሙ መጠንና የዲስኩ ዓይነት እዚያ አሉ። ባዮሱ የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ «ችግር የለውም፣ ይፈታል» ካለ አመስግኖ መውጣት ነው። የውጭ ድርጅት ንብረት የነበረና ቁልፉ ያልተነሳለት ሊሆን ይችላል።

«8 ጊጋ ራም ይበቃል» የሚለው ዘመድዎም አብሮ ይስማ። የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ በ16 ቢት ሲከፈት 24 ሚሊዮን ነጥብ በ3 ቀለም፣ በ2 ባይት ይባዛል፤ ይህም ለአንድ ሌየር (ለአንድ የምስል ድርብ) 144 ሜጋባይት ነው። የሙሽራዋን ፊት ለማጥራት፣ ጀርባውን ለማለስለስ፣ ቀለም ለማስተካከል እያሉ 10 ሙሉ ሌየር ሲደራረብ 1.4 ጊጋ ይጠጋል፤ የኋሊት መመለሻው ታሪክ ሳይቆጠር። ከጎኑ ላይትሩም ክፍት ነው፣ ቴሌግራም ክፍት ነው፣ ዩቲዩብ ላይ መንዙማ ተለቅቋል። 8 ጊጋው ሲሞላ ፎቶሾፕ የተረፈውን ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል፤ «ሃንግ አደረገ» የሚባለው በአብዛኛው ይህ ነው። 16 ጊጋ ይሁን፤ ከአንድ 16 ይልቅም ሁለት 8 ይሻላል፣ ምክንያቱም የውስጥ ግራፊክሱ ከዚሁ ራም ስለሚበደር ሁለቱ በጥንድ ሲሠሩ መንገዱ ይሰፋለታል። የጠቀስናቸው ሦስቱ ሞዴሎች ሁለት ሁለት የራም ቦታ አላቸው። ኤስ የተጨመረበት ቲ480 ግን አንደኛው ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭኖ ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ማየት ነው፤ ስንት ቦታ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይናገራል። ቀጫጭኖቹ ላይ ግን ሁሉም የተበየደ ስለሚሆን «በኋላ ትጨምራለህ» የሚለው ቃል ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ዲስኩ ላይ ብዙ አንቆይም፦ «1 ቴራ» ተብሎ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለበትን ትቶ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ያለበትን መያዝ ነው። ፕሮግራሙና የላይትሩም ካታሎግ እዚያ ይቀመጣሉ። አንድ ሰርግ 2000 የሮው ፋይል (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፎቶ) ቢሆንና አንዱ 25 ሜጋባይት ቢይዝ 50 ጊጋ ስለሚሆን ያለቀው ሥራ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይውጣ። 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ የተባለውን ዘገምተኛ ማከማቻ «እሱም ኤስኤስዲ ነው» ብሎ የሚሸጥ ካለ፣ አይደለም፤ ለጽሕፈት ይሁነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤናና የሠራበትን ሰዓት ያሳያል።

አሁን የእርስዎ ትልቁ ጥፋት፦ ሁሉም እርስዎን ሲያይ ስክሪኑን የሚያይ ጠፋ። ያው ሞዴል፣ ያው ፕሮሰሰር፣ አንዱ በ1366 በ768 ቲኤን ስክሪን፣ ሌላው በ1920 በ1080 አይፒኤስ (ከየአቅጣጫው ሲያዩት ቀለሙ ብዙም የማይለዋወጥ ስክሪን) ይመጣል፤ ስቲከሩ ግን አንድ ነው። ቲኤን ላይ ዓይንዎን ትንሽ ከፍ ሲያደርጉ ጥላው ይነጣል፣ ዝቅ ሲሉ ሁሉም ይጠቁራል። በዚህ ስክሪን ላይ የነጠላው ጥለት ጠፍቶ ነጭ ብቻ የሆነ ይመስላል፤ አርታዒው ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ሲታተም ሙሽራዋ ግራጫ ለብሳለች። የጠይም ፊት ጥላም በልኩ ስለማይታይ አርታዒው ያበራዋል፣ ያበራዋል፤ በመጨረሻ አማቷ የማያውቋት ልጅ አልበሙ ላይ ትወጣለች። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በከፍተኛ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት) የተነሳ ፎቶም ጨለማው ውስጥ የተደበቀው ኖይዝ (የፎቶ ብናኝ) እዚህ ስክሪን ላይ አይታይም፤ ማተሚያ ቤት ግን ያየዋል።

አይፒኤስ ስለሆነ ብቻ ግን ሁሉም አይታመንም። በነዚህ ላፕቶፖች ላይ የሚበዛው ርካሹ አይፒኤስ ከኤስአርጂቢ (ለስልክና ለኢንተርኔት ከተለመደው የቀለም መስፈሪያ) ቀለማት የሚያሳየው 60 በመቶ ገደማ ነው። ቀይና አረንጓዴ ስለሚደበዝዙበት አርታዒው ሳቹሬሽኑን (የቀለሙን ድምቀት) ወደ ላይ ይገፋል። በነሐሴ የአሸንድዬ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ ያሰሩት ሣር በላፕቶፑ ላይ ልከኛ ይመስላል፤ በቴሌግራም ተልኮ በስልክ ሲከፈት መብራት የበራበት አረንጓዴ ሆኖ ያርፋል። ሙሉ ኤስአርጂቢ የሚያሳይ ላፕቶፕ በጀቱ ካልፈቀደ ያገለገለ የ22 ወይም የ24 ኢንች አይፒኤስ ሞኒተር ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ከእርስዎ ጭማሪ ዋጋ በእጅጉ ይጠቅማል። (መብራት ሲጠፋ ሞኒተሩም አብሮ እንደሚጠፋ ደሴ ላይ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም።)

ሱቅ ውስጥ መፈተኛው ቀላል ነው፦ ግራጫ ምስል ሙሉ ስክሪን ላይ ከፍቶ ክዳኑን ወደፊትና ወደኋላ ዘንበል ማድረግ፤ ግራጫው ከተቀያየረ ቲኤን ነው። ገዝቶ ለገባ ደግሞ «ናይት ላይት» ይጥፋ፣ የስክሪኑ ድምቀት በአንድ ልክ ይቀመጥ። ቻርጀሩ ሲነቀል ምስሉ በራሱ ፈዘዝ ደመቅ የሚል ከሆነ የኢንቴል ግራፊክስ ኃይል መቆጠቢያ ነው፤ ከግራፊክሱ ማስተካከያ ውስጥ ይዘጋ። ከዚያ ሁልጊዜ በሚሠራበት ማተሚያ ቤት አንድ ፎቶ አሳትሞ ከስክሪኑ ጎን ይዞ ማስተያየት ነው።

ቻርጀር። ዴል ላይ የተመሳሰለ ቻርጀር ሲሰካና ማሽኑ ሳያውቀው ሲቀር ባትሪው አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩም ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ሊጎተት ይችላል። ባለቤቱ «ቫይረስ ነው» ብሎ ፎርማት ያስደርገዋል፤ ተመልሶ ያው። ሲበራ ስለ ቻርጀሩ የሚወጣውን መልእክት ማንበብ ነበር። የባትሪ ሪፖርት አውጥቶ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅም አሁን ሞልቶ ከሚይዘው ጋር ማነጻጸርም አይቀር፤ ከ60 በመቶ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ።

ሙቀቱን ለማወቅ 50 የሮው ፋይልና ዳርክቴብል የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። ኤክስፖርት አስጀምሮ 15 ደቂቃ ታስክ ማናጀሩን ማየት። በ3 ጊጋኸርዝ ጀምሮ ወደ 1.5 ወርዶ እዚያው ከቀረ ፋኑ አቧራ ይዟል ወይም የፕሮሰሰሩ ፔስት (ሙቀት አስተላላፊው ቅባት) ደርቋል። ሁለቱም ይጠገናሉ፣ ግን በሻጩ ኪሳራ ይሁን። ደሴ ብርድ ላይ የተፈተነ ማሽን ባቲ ሲወርድ ጠባዩ እንደሚለወጥም ይታሰብበት።

በእርስዎ ተታልሎ አስቀድሞ የገዛ ሰው ምን ያድርግ? ላይትሩም ላይ ስማርት ፕሪቪው ይሥራ፤ ረጅሙ ጎን 2540 ፒክስል የሆነ ቀለል ያለ ቅጂ ነው። ፕሪፈረንስ ውስጥ ፐርፎርማንስ ገብቶ በኦሪጅናሉ ፋንታ በእሱ እንዲያርም ይዘዘው፤ ኤክስፖርት ሲደረግ ኦሪጅናሉ ካለ ከኦሪጅናሉ ይወጣል። ፎቶሾፕ ላይ የኋሊት መመለሻውን የታሪክ ቁጥር ወደ 20 ያውርድ። በኤአይ ኖይዝ ማጥፋቱን ግን ይተወው፤ በውስጥ ግራፊክስ አንዱ ፎቶ ደቂቃዎችን ይፈጃል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ቦታዎን ለሙሉው የሞዴል ቁጥር፣ ለስክሪኑ ዓይነትና ለራሙ ቦታ ብዛት እንዲለቁ እንጠይቃለን። ሙጫዎ ካስቸገረ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀን እንረዳዎታለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የወሎ ፎቶ አርታዒዎች

ግልባጭ፦
ለ«2 ጊጋ ቪጂኤ» ስቲከር፣ ቀጣዩ ደብዳቤ የእርስዎ ስለሆነ እንዲዘጋጁ
ለሻጮች፣ «አብሽር» ከማለታቸው በፊት ባዮሱን እንዲከፍቱ