ለሸረሪቶቻችን ስም የሚያወጣ ሰው ይቀጠር

በ1883 የጣልያኗ ጄኖዋ ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያሳትመው መጽሔት ላይ አንድ ረጅም ጥናት ወጣ። ጥናቱ ስለ ሸዋ ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸው ነው። ጸሐፊው ፒየትሮ ፓቬሲ የሚባል ሰው ነው። ናሙናዎቹን የሰበሰቡት ደግሞ በኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመሩ የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር ተጓዦች ናቸው። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ለነዚህ ሰዎች አንኮበር አጠገብ መቀመጫ ቦታ ሰጥተዋቸው ነበር። አንቲኖሪ በ1882 እዚያው ሸዋ ሞተ። ሸረሪቶቹ ግን ባሕር ተሻግረው ጣልያን ገቡ፤ ስምም የወጣላቸው እዚያው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በኋላም ታሪኩ ያው ነው። ጀርመናዊው ካርሎ ፎን ኤርላንገር ከኛ አገር ሰብስቦ ለወሰዳቸው ሸረሪቶች በ1906 ስም ያወጣው ኤምብሪክ ስትራንድ የሚባል ኖርዌጂያዊ ነው። በ1939፣ አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር ሳለች፣ አንድ የጣልያን የባዮሎጂ ቡድን የሰገንና የኦሞን አካባቢ አሰሰ። የዚያን ጉዞ ሸረሪቶች ሉዶቪኮ ዲ ካፖሪያኮ በ1941 አሳተማቸው። በ2008 ደግሞ የፖላንዱ ቭሮትስዋፍ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ቫንዳ ቬሶሎቭስካ ከቤያታ ቶማሼቪች ጋር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ዘላይ ሸረሪቶች ሰፊ ጥናት አወጡ። እዚያም ውስጥ አዳዲስ ዝርያዎች አሉ።

ከፓቬሲ እስከ ቬሶሎቭስካ 125 ዓመት ነው። እነዚህን ሰዎች አልወቅስም። እነሱ ባይደክሙ ኖሮ ዛሬ የምናውቀውን ያህል እንኳ አናውቅም ነበር። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የአገራችንን ሸረሪቶች የመግለጽና የመሰየም ሥራ በአብዛኛው የሌላ አገር ሙዚየሞች ሥራ ሆኖ ቆየ። ይህ መለወጥ ያለበት ይመስለኛል። መለወጥም ይቻላል።

ለአንድ ሸረሪት ስም ማውጣት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰውየው ጫካ ይገባል፣ የማያውቀውን ሸረሪት ያገኛል፣ ደስ ያለውን ስም ይሰጠዋል። ጭራሽ እንደዚያ አይደለም።

በመጀመሪያ ሸረሪቱ ያደገ መሆን አለበት። ያላደገ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዝርያውን መለየት አይቻልም። ባለሙያዎቹ በዋናነት የሚያዩት ቀለሙን ወይም ትልቀቱን ሳይሆን የመራቢያ አካሉን ነውና። ወንዱ ከአፉ አጠገብ ፔዲፓልፕ የሚባሉ ሁለት አጫጭር እግር መሰል አካላት አሉት። ዘሩን ለሴቷ የሚያስተላልፈው በነሱ ጫፍ ነው። ሴቷ ደግሞ ከሆዷ ሥር ጠንከር ያለ ክፍል አላት፤ ኤፒጂን ይባላል። የወንዱና የሴቷ አካል እንደ ቁልፍና መክፈቻ ይገጥማሉ። ከዝርያ ዝርያ የሚለያየውም ይኸው ቅርፅ ነው። ችግሩ ይህ አካል ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር በታች መሆኑ ነው። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ሥር ተቆርጦ ይወጣል፣ ሥጋው በኬሚካል ይሟሟል፣ የውስጡ ቧንቧ ሳይቀር እየተለካ ይሣላል። ፎቶም ይነሳል። የእግሮቹ ርዝመት፣ የስምንቱ ዓይኖች አቀማመጥ፣ የእሾሆቹ ቦታ ሁሉ ይመዘገባል። ትዕግሥት የሌለው ሰው በዚህ ሙያ አይዘልቅም።

ከባዱ ግን ገና ነው። ይህ ሸረሪት በእርግጥ አዲስ ነው ወይ? ይህን ለመመለስ ከዚህ በፊት ከተገለጹት የቅርብ ዘመዶቹ ሁሉ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም የሚቆጠረው ከስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ከሊኔየስ የ1758 ሥራ ጀምሮ ነው። ሸረሪቶች ብቻ በአንድ ዓመት ይቀድማሉ፤ የነሱ ከስዊድናዊው ካርል ክለርክ የ1757 መጽሐፍ ይጀምራል። ዓለም አቀፉ የስያሜ ሕግ ይህን ለይቶ ፈቅዶላቸዋል። እንግዲህ ከ260 ዓመት በላይ የተከማቸ ጽሑፍ አለ ማለት ነው። በላቲን አለ፣ በጀርመንኛ አለ፣ በፈረንሳይኛና በጣልያንኛ አለ። የድሮዎቹ መግለጫዎች አንዳንዶቹ ጥቂት መስመር ብቻ ናቸው፤ ሥዕል የሌላቸውም አሉ። እንዲህ ያለውን መግለጫ አንብቦ ሸረሪቱን መለየት አይቻልም። ናሙናውን በዓይን ማየት ግድ ይላል።

ሆሎታይፕ የሚባለው ነገር ዋጋው እዚህ ላይ ነው። አንድ አዲስ ዝርያ ሲሰየም ከናሙናዎቹ መካከል አንዱ ተመርጦ ዋና ይደረጋል። ስሙ ከዚያ በኋላ የሚታሰረው ከዚያ ከአንዱ ሸረሪት ጋር ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ጥርጣሬ የገባው ሰው የሚመለሰው ወደዚያው ብልቃጥ ነው። ስለዚህ ብልቃጡ የት አገር፣ የትኛው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ የሚለው የክብር ጥያቄ ብቻ አይደለም። የሥራ ጥያቄ ነው። የጎንደር ወይም የጅማ ተማሪ በአቅራቢያው ጫካ ያገኘውን ሸረሪት ለማመሳከር ወይ ቪዛ መጠየቅ አለበት፣ ወይ ናሙናው በውሰት እንዲላክለት መለመን አለበት። ይህን ሁሉ አልፎ ሥራውን የሚጨርስ ስንቱ ነው?

ስህተትም ይፈጠራል። በብዙ ሸረሪቶች ወንዱና ሴቷ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ወርቃማ ድር የሚያደሩትን ትላልቆቹን ብናይ፣ ወንዱ ከሴቷ ጎን ሲታይ ልጇ እንኳ አይመስልም። በዚህ የተነሳ አንዱ ዝርያ ሁለት ስም የወጣለት ጊዜ ብዙ ነው። ወንዱን አንድ ሰው፣ ሴቷን ሌላ ሰው ሰይሟቸው። ይህን የሚያርመው ደግሞ ሌላ ታክሶኖሚስት (ዝርያ የሚለይና የሚሰይም ባለሙያ) ነው፤ በትዕግሥት ቁጭ ብሎ ሁለቱን የሚያመሳክር።

ደስ የሚል ነገርም አለ። የዓለም ሸረሪቶች ዝርዝር በስዊዘርላንድ በርን ከተማ በሚገኝ ሙዚየም ይጠበቃል፤ በኢንተርኔትም ክፍት ነው። በኤፕሪል 2022 ዝርዝሩ 50,000ኛውን ዝርያ መዘገበ። ጉሪዩሪዩስ ሚኑዋኖ ትባላለች፣ የደቡብ አሜሪካ ዘላይ ሸረሪት ናት። ስሟ የተወሰደው በዚያ አካባቢ ይኖሩ ከነበሩት የሚኑዋኖ ሕዝቦች ነው። ይህ በጣም ደስ ይለኛል። ለሥራ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ሰዎች ከክለርክ ጀምሮ ያለውን የሸረሪት ጽሑፍ ለተመዘገቡ ተጠቃሚዎች በነፃ ያቀርባሉ። ባሕር ዳር የተቀመጠ ወጣት ፓሪስ ያለው ባለሙያ የሚያነበውን ማንበብ ይችላል። "መጽሐፉ የለንም" የሚለው ሰበብ ተነስቷል። የቀረው ሰው፣ ማይክሮስኮፕና ናሙና ነው።

አሁን ሁሉም የሚጠይቀውን ጥያቄ ላንሳ። ሕዝቡ ዳቦ ባላገኘበት አገር ስለ ሸረሪት ማውራት ምን ይሉታል? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ አልንቀውም። መልሴ ከእርሻው ይጀምራል። ማርቲን ኒፌለርና ክላውስ ቢርክሆፈር በ2017 ባወጡት ስሌት፣ የዓለም ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚመዝን ነፍሳትና ሌላ ትናንሽ ፍጥረት ይበላሉ። በዚያው በ2017 የአሜሪካ ተምች ወደ አገራችን ገብቶ የበቆሎ ማሳችንን ማጥቃት ጀመረ። በማሳችን ውስጥ የትኛው ሸረሪት የትኛውን ተባይ ይበላል? በፀረ ተባይ ስንረጭ የትኛውን ረዳት አብረን እንገድላለን? ስም የሌለውን ፍጥረት ልንቆጥረው አንችልም። ዘንድሮ በዛ፣ አምና አነሰ ልንልም አንችልም።

ለሕክምናም ይመለከታል። አውስትራሊያ ውስጥ የሲድኒ ፈነል ዌብ የሚባል ሰው የሚገድል ሸረሪት አለ። ከ1877 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ ለመርዙ መድኃኒት በ1981 ከተገኘ ወዲህ በንድፊያው የሞተ ሰው የለም። ያን ያህል የተጠና እንስሳ ነው እንግዲህ። በጃንዋሪ 2025 ተመራማሪዎች ቅርፁንና ዲኤንኤውን እንደገና መርምረው፣ አንድ የመሰለን ነገር ሦስት ዝርያ ነው አሉ። አንዱ ፍጹም አዲስ ነው። ሌላው ድሮ ስም ወጥቶለት፣ በኋላ "ያው ነው" ተብሎ ስሙ ተሰርዞበት የነበረ ነው። መድኃኒቱ ለሦስቱም ይሠራል። ሆኖም መርዙ የሚሰበሰበው ከየትኛው ዝርያ እንደሆነ ማወቅ ለመድኃኒት ሠሪው ትልቅ ነገር ነው። ሲድኒን በሚያህል ከተማ፣ ሁሉም በሚፈራው ሸረሪት ላይ እንዲህ ከሆነ፣ የሐረናን ጫካ ቅጠል ሥር አስቡት።

"ዛሬ ዲኤንኤ አለ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?" የሚሉም አሉ። ዲኤንኤው በጣም ይረዳል። ግን ናሙናው ከስም ጋር ካልተያያዘ ማሽኑ የሚሰጠን የፊደል ሰንሰለት ብቻ ነው። የሚያመሳክሩበት፣ በትክክል የተለየ ናሙና መጀመሪያ መኖር አለበት። ፎቶም ቢሆን እንዲሁ ነው። በ2020 አንዲት አውስትራሊያዊት ተፈጥሮ ወዳድ ፊቱ ብርቱካናማ የሆነ ትንሽ ዘላይ ሸረሪት ፎቶ አንስታ በማኅበራዊ ሚዲያ ለጠፈች። ያንን ያየ ባለሙያ ናሙናውን አስልኮ መረመረና በ2021 ማራተስ ኔሞ ብሎ ሰየመው። የኛም ወጣቶች ስልክ አላቸው፣ ዓይንም አላቸው። ፎቶው ሲለጠፍ "እስቲ ናሙናውን ላኩልኝ" የሚል ሰው ግን ያስፈልጋል።

ጊዜውም እየሄደ ነው። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ አዲስ ዝርያ ከተሰበሰበ በኋላ ስም እስኪወጣለት በአማካይ 21 ዓመት ይፈጃል። ኔፊላ ኮማቺ የተባለችው ትልቅ ሸረሪት በ1978 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተሰብስባ፣ ፕሪቶሪያ ባለ ክምችት ውስጥ ተቀምጣ፣ የተሰየመችው በ2009 ነው። ቢያንስ ግን ተቀምጣ ጠበቀች። ጫካው ቢመነጠርም ናሙናው አለ። በጎጃምና በጎንደር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀሩት ደኖች በእርሻ መሬት የተከበቡ ናቸው። እዚያ ያለው ሸረሪት ሳይሰበሰብ ደኑ ከጠፋ፣ በኋላ ተቆጭቶ የሚመለስ የለም።

ይቻላል ያልኩት በምኞት አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በ1997 ብሔራዊ የአራክኒዶች (የሸረሪቶችና የዘመዶቻቸው) ጥናት ጀመረች፤ ዛሬ ከ2,200 በላይ የሸረሪት ዝርያዎቿን መዝግባለች። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። እኛ ራሳችን ለዕፅዋት ሠርተነዋል። በ1980 የተጀመረው የፍሎራ ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን 6,000 ገደማ ዕፅዋት እየገለጸ በ2009 ተጠናቀቀ። እንደ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሰብስቤ ደምሰው ያሉ ሰዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ለፉበት። መጽሐፍ ብቻም አላተረፍንም። አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ የዕፅዋት ክምችታችን ተጠናከረ፣ ባለሙያዎችም ሠለጠኑ። ዛሬ ስለ አንድ ተክል የሚጠይቅ ሰው አራት ኪሎ ሄዶ የሚያነጋግረው ሰው ያገኛል።

ለሸረሪትም እንደዚሁ ይሁን። የምጠይቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። የአራት ኪሎው የእንስሳት ሙዚየም አለ፣ ቤቱ አለ። እዚያ አንድ ቋሚ የሥራ መደብ ይከፈት፤ ሥራው ሸረሪት መለየት፣ መግለጽና ናሙና መጠበቅ ብቻ ይሁን። በፕሮጀክት የሚኖር፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሚበተን ቅጥር አይሁን። ይህ ሙያ የሃያ ዓመት ሙያ ነው። በሥሩ በየዓመቱ ጥቂት የማስተርስ ተማሪዎች ይሠልጥኑ። የአልኮል ክምችት ስለሆነ የእሳት መከላከያው ከመጀመሪያው ቀን ይታሰብበት። የብራዚሉ ቡታንታን ተቋም በ2010፣ የሪዮው ብሔራዊ ሙዚየም ደግሞ በ2018 ሲቃጠሉ የሸረሪት ክምችቶቻቸው አብረው ወድመዋል።

ሌላው በሕግ የሚያልቅ ነገር ነው። የጄኔቲክ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን (ይህ 1998 በኛ አቆጣጠር ነው፤ በአውሮፓውያኑ 2006)፤ ስለ ጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምና ጥቅም መጋራት የሚደነግገውን ዓለም አቀፉን የናጎያ ስምምነትንም በ2012 ተቀብለናል። ፈቃድ የሚሰጠው የብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ናሙና ይዞ የሚወጣ ማንኛውም ተመራማሪ በፈቃዱ ላይ ሁለት ግዴታ ይጻፍበት፤ አዲስ ዝርያ ከተገለጸ ሆሎታይፑ ወደ አዲስ አበባ ይመለስ፣ በሥራውም ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አብሮ ማይክሮስኮፑ ፊት ይቀመጥ። የሚመለሰውን ብልቃጥ ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ የሚያኖረው ሰው ደግሞ አስቀድሞ መቀጠር አለበት።