ፓስፖርትህ ማን ዘንድ ነው?

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጥር ከአለቃዬ አንድ ኢሜል ይደርሰኛል፤ «ስልጠናህን አልጨረስክም» የሚል። የምሠራው መሀል እንግሊዝ ባለ መጋዘን ነው፤ ካርቶን እደረድራለሁ። ስልጠናው ስለ ዘመናዊ ባርነት ነው። ሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ታያለህ፣ ዐሥር ጥያቄ ትመልሳለህ፣ ሰርተፍኬት ይሰጥሃል። የመጸዳጃ ቤቱ በር ጀርባ ላይም በአምስት ስድስት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ፓስፖርትህ ማን ዘንድ ነው? ደመወዝህ በማን አካውንት ይገባል? ሥራ ላስገባህ ሰው ዕዳ አለብህ? ለምን እዚያ እንደለጠፉት ቆይቶ ነው የገባኝ። አለቃም ሆነ አምጪው ሰውዬ ተከትሎህ የማይገባው እዚያ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ከተማ አካባቢ ላደገ ሰው ይህ የጎረቤት ልጆች ታሪክ ነው። በኮንትራት አረብ አገር የሄደችው ፓስፖርቷ «ከፊል» የሚሉት አሠሪዋ ዘንድ ነው። በባቲ በኩል ወርዳ፣ የአፋርን በረሃ በእግሯ ቆርጣ፣ ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ የመን የገባችው ደግሞ ከነጭራሹ ፓስፖርት የላትም። ዕዳ ያልተሸከመች ግን አላጋጠመችኝም፤ ወይ ላም ተሸጧል፣ ወይ መሬት በወለድ አገድ ተይዟል፣ ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ልኳል። ለእህቴ ልጅ የደላላውን ገንዘብ የላክሁት እኔ ነኝ። ያኔ ለባርነት ሳይሆን ለእንጀራ የላክሁ መስሎኝ ነበር።

የእንግሊዞቹ የዘመናዊ ባርነት ሕግ የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ዓመታዊ ገቢው 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ድርጅት በራሱም ሆነ ዕቃ በሚያቀርቡለት ዘንድ ባርነት እንዳይኖር ምን እንዳደረገ በየዓመቱ መግለጫ ያወጣል፤ ቦርዱ ያጸድቃል፣ ዳይሬክተር ይፈርማል። ጥሩ ነው። ግን «ምንም አላደረግሁም» ብሎ ቢጽፍም ሕጉን አሟልቷል። መግለጫውን ባያወጣም የሚከፍለው ቅጣት አልተቀመጠም። የሀበሻ ቀበሌ ሊቀመንበር እንኳ እንዲህ ያለ ሪፖርት አይቀበልም።

ደግሞ እዚያው አገር የሆነውን አየሁ። በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አረጋውያን የሚጦሩ ሠራተኞችን ከውጭ ለማስገባት ቪዛው ተከፈተ። ከአፍሪካም ከእስያም ለደላላ በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ እየከፈሉ የመጡ አሉ፤ ጥቂት የማይባሉት ቃል የተገባላቸውን ሥራ አላገኙም። ቪዛው ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነው። የአሠሪው ፈቃድ ከተሰረዘ 60 ቀን ይሰጥሃል፤ በዚያ ውስጥ ሌላ አሠሪ ካላገኘህ ትሄዳለህ። አሠሪውን «ስፖንሰር» ይሉታል። ወሎ ውስጥ ላለች ማንኛዋም ከአረብ አገር ተመላሽ ይህን ብትነግራት «ከፊል በለው እንጂ!» ትልሃለች።

ወደ አገሬ ልመለስ። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ልጆቹ ከእንግዲህ በረሃ አያቋርጡም ተባለ። አንዲት የጎረቤት ልጅ ልብስ ፋብሪካ ገብታ ነበር። ኦዲተር የመጣ ቀን የእሳት ማጥፊያው ይወለወላል፣ ጓንት ይታደላል፣ እሷም ስትጠየቅ «ደህና ነው» ትላለች አሉ። ውሸቷን አልነበረም፤ ማንም አልቆለፈባትም። ደመወዟ ግን ከቤት ኪራይና ከሽሮ አላለፈም። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለንም። 2014 ሲገባ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሜሪካ አገራችንን ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ፣ አስወጣች፤ ልጅቷም የአረብ አገር ፎርም ሞላች። ከልብሱ ገዢ የሚመጣው ኦዲተር ክሩ ከየት እንደመጣ ይጠይቅ ይሆናል። የሰፋችው ልጅ ወዴት ሄደች ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ወረቀቱ እኛም ዘንድ አለ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ ቪዛውንና ትኬቱን የሚሸፍነው ወደ ውጭ የሚወስዳት አሠሪ ነው። አዋጅ 1178/2012 ደግሞ ሰው የሚነግደውን ደላላ በጽኑ እስራት ይቀጣል። ደላላው ግን ከቤተሰቡ ጋር ቡና የሚጠጣ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ አንዳንዴም የአጎት ልጅ ነው። ማን ይመሰክርበታል?

ባለፈው ክረምት ደሴ ሄጄ አክስቴ ቤት ሰነበትኩ። ከወረባቦ የመጣች ሠራተኛ አለቻቸው፤ «15 ዓመቷ ነው» ይላሉ። እኔ ስነሳ ተነስታ አገኛታለሁ፣ ስተኛም ዕቃ እያጠበች ነው። ያ የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ደመወዟ ለማን ይከፈላል? ላመጣት አጎቷ። ብቻዋን ትወጣለች? ወፍጮ ቤት። ፓስፖርት የላትም፤ የስድስተኛ ክፍል ካርዷ ግን አክስቴ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ የማታ ትምህርት አትመዘገብም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አያካትታትም።

«እትዬ፣ ካርዱን ለምን አይሰጧትም?» አልኩ፣ ቶናው ሲቀዳ።

«እንዳይጠፋባት ነዋ።»

«እኛ መጋዘን እንዲህ ያለውን ባርነት ይሉታል።»

ስኒው እጃቸው ላይ ቀረ። «እኔ ባሪያ ፈንጋይ ነኝ? ጃንሆይ በ34 አስቀርተውታል! እንደ ልጄ ነው የማያት።»

ልጃቸው አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪ እየተማረች ነው። ይህን አልተናገርኩም፤ ለእህቴ ልጅ የላክሁት ገንዘብ አፌን ይዞታል። በረካው እስኪደርስ ዝም ተባባልን። አክስቴ ግን እልኸኛ ናቸው፤ ብድግ አሉና ካርዱን አምጥተው ልጅቷ እጅ ላይ አኖሩት።

ልጅቷ አገላብጣ አየችው። የምትተኛው ማድ ቤት ነው፣ ከጤፉ ጆንያ አጠገብ።

«ጋሼ፣ የት ላስቀምጠው?» አለችኝ። መልስ ስታጣ ለአክስቴ መልሳ ዘረጋችላቸው፤ «እትዬ ዘንድ ይሁንልኝ።»

በጥር ኢሜሉ መጣ። ዐሥሩንም ጥያቄ መለስኩ።