የብሎን ነጋዴው ከንቲባ

እዚህ እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም መሃል ላይ ቻምበርሌን አደባባይ አለ። ስሙ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ አይጥምም፤ በ1938 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመያዟ ዕውቅና የሰጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቻምበርሌን ነውና። አደባባዩ ግን የአባቱ፣ የጆሴፍ ነው። ጆሴፍ እንጨት ማያያዣ የብረት ብሎን አምርቶ የከበረ ነጋዴ ነበር። በ1873 ከንቲባ ሆነ፤ በዓመቱ ከብሎን ሥራው ጠቅልሎ ወጣ።

አገር ቤት የከንቲባ ሥራ የሚለካው በፈረሰውና በተነጠፈው ነው። ጆሴፍ የጀመረው ከገቢው ነው። ከተማዋ ለመብራት የሚሆን ጋዝ የሚያከፋፍሉ ሁለት የግል ኩባንያዎች ነበሯት፤ እያንዳንዱ የራሱን ቧንቧ ሊቀብር መንገዱን ይቆፍራል። (አዲስ አበባ ላይ የተነጠፈ አስፋልት መጀመሪያ ለውሃ፣ ቀጥሎ ለስልክ ሲቆፈር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።) ሁለቱንም ወደ 2 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ብድር ለከተማዋ ገዛቸው። በመጀመሪያው ዓመት 34,000 ፓውንድ ተረፈ።

ቀጥሎ የውሃውን ኩባንያ ገዛ። ድሃው የሚጠጣው ፍሳሽ የገባበት የጉድጓድ ውሃ ነበር። እዚህ ላይ ነጋዴነቱን ወደ ጎን ተወው፦ ጋዙ ያትርፍ፣ ውሃው ግን የጤና ጉዳይ ስለሆነ አይተረፍበት አለ። ለእኔ ትልቁ ሥራው ይሄ ነው።

ሰፈር ማፍረሱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በፈረሰው ሰፈር ላይ የተዘረጋው የኮርፖሬሽን ጎዳና ሥራ በ1878 ሲጀመር እሱ ፓርላማ ገብቶ ነበር። ከተማዋ መሬቱን አልሸጠችም፤ ለ75 ዓመት በሊዝ ሰጠችው። አዲስ አበቤ ለሊዝ እንግዳ አይደለም። የበርሚንግሃሙ ችግር ኪራዩ የሚመጣው በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት መሆኑ ነው፤ የብድሩ ወለድ ደግሞ አይጠብቅም። ስለዚህ ጉድለቱ ለዓመታት ከነዋሪው ግብር ተሸፈነ።

ከዚህ የባሰው የተነሺዎቹ ነገር ነው። ለማፍረሱ የተጠቀሙበት የ1875ቱ ሕግ የሠራተኞችን መኖሪያ ለማሻሻል የወጣ ነበር። ቦታው ላይ የቆሙት ግን ሱቅና ቢሮ ናቸው። ተነሺው ቤት ስላልተሠራለት አጠገቡ ወዳለው ጠባብ ሰፈር ገብቶ ተጨናነቀ። ከአዲስ አበባው ፒያሳ ከተነሡት ብዙዎቹ በአንጻሩ ከተማው ዳር፣ ገላን ጉራ ቤት አግኝተዋል፤ ጉልት ቸርቻሪዋ ግን ደንበኞቿን ጭና አልሄደችም።