ንቧንም አብራችሁ ወቀጣችኋት

የጣና ዳር ወገኖቼ፣ ዛሬ ፊት ለፊት ልናገራችሁ ነው። አትቀየሙኝ።

ባለፈው በጋ ለዘር የተተወው ሽንኩርት አብቦ ሳለ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የተባይ መድኃኒት መርጫ አዝላችሁ ማሳ ገባችሁ። አራት ሰዓት ንብ አበባ ላይ የምትሠራበት ሰዓት ነው። በማግስቱ ቀፎዬ ደጃፍ ላይ ንቦቼ ተነጥፈው አገኘኋቸው። ምላሳቸውን አውጥተዋል። የአንዳንዶቹ እግር ላይ ቢጫው የአበባ ብናኝ ገና አልረገፈም። በእጄ ሰበሰብኳቸው፣ ሁለት እፍኝ ሞሉ። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚባለው ደረሰባቸው።

ለመሆኑ ንብ የሌለበት ሽንኩርት ምን ዘር ሊይዝላችሁ ነው? ዱባን ተመልከቱ። ወንዱና ሴቷ አበባ ለየብቻ ናቸው። ብናኙን የሚያደርስላት ካጣች፣ ከሴቷ አበባ ሥር ያለችው ትንሽ ፍሬ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ሐብሐብም እንዲሁ ነው። ኑግም ከሌላ ኑግ ብናኝ ካላገኘ በደንብ አያፈራም። ያን የሚያመላልስለት ደግሞ በዋናነት ንብ ነው።

አያቶቻችን በማሽላውና በጤፉ ዳር ኑግ ይዘሩ ነበር። ከብት ስለማይወደው አጥር ይሆንላቸዋል፣ በመስከረምና በጥቅምት ሲያብብ ደግሞ ንቡ ይሰፍርበታል። እኛ ግን ወሰኑን ጭምር አረስነው። የተረፈችውን ሜጭ (ኑግ የሚመስለውን የዱር ቢጫ አበባ) እና አደይ በጸረ አረም አቃጠልናት። ከዚያ «ማሩ የት ሄደ?» እንላለን።

የባሕር ዳር ከተማ ሰዎች፣ እናንተም አላመለጣችሁም። ግቢያችሁን ከዳር እስከ ዳር ታይል አንጥፋችኋል። የተረፈችው መሬት ላይ ሣርና ዘንባባ ብቻ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተስማምተው እንዲኖሩ በሚጠበቅ አካባቢነት፣ ሲመዘግብ ሁላችን ኮርተናል። ኩራቱ ግን ከየቤታችን አጥር ውስጥ አልገባም።

ጓሮዬ ላይ ጥቂት ድምብላል ሳልነቅል ትቼ አበበ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ንብ የምትመስል ግን ሁለት ክንፍ ብቻ ያላት ዝንብ አየር ላይ ቆማ ትቆይና አበባው ላይ አርፋ ትቀስማለች። ከአጠገቡ ያለውን ጎመን ክሽክሽ፣ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ወርሮት ነበር። የዚህች ዝንብ ልጅ፣ ዓይን የሌላት የምትመስል አረንጓዴ ትል፣ ክሽክሹን አንድ በአንድ እያነሳች ትመጠዋለች። እስክታድግ ድረስ በመቶ የሚቆጠር ትጨርሳለች። አንዳንዱ ክሽክሽ ደግሞ አብጦና ቡናማ ሆኖ ደርቋል፣ ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ከጉንዳን የምታንስ ተርብ እንቁላሏን ሆዱ ውስጥ ጥላ፣ ልጇ በልታው ወጥታለች። እነዚህ አፋቸው አጭር ነው፤ እንደ ድምብላልና እንስላል ያለ ገላጣ አበባ ይፈልጋሉ። መድኃኒት ስትረጩ ክሽክሹ ቶሎ ተራብቶ ይመለሳል፣ እነሱ ግን ይዘገያሉ። በየሳምንቱ መድኃኒት የምትገዙት አንድም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ስሙኝ። ከማሳችሁ ዳር አንድ እርምጃ ስፋት ያለው መሬት ልቀቁ። ኑግ፣ ድምብላል፣ እንስላል፣ ሱፍ፣ በሶብላ ቀላቅላችሁ ዝሩበት። ድምብላሉ ቀድሞ ያብባል፣ ሱፉ ይከተላል፣ ኑጉ ክረምቱ ሲወጣ ይደርሳል። ድምብላሉን በየሦስት ሳምንቱ ከፋፍላችሁ ብትዘሩት አበባው አይቋረጥም። ጥግ ላይ ግራዋ ትከሉ፣ አበባ በሚጠፋበት በበጋ ያብባል። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ የተቀደደ ባልዲም ይበቃል። ዘሩ ውድ አይደለም፣ ቅዳሜ ገበያ በጣሳ ይሸጣል። የአደይ ነገርም አለ፦ ለመስቀል ስትቆርጡ ከሥሯ አትንቀሏት፣ የተረፈችው ዘሯን ታፍስስ።

መርጨት ግድ ከሆነባችሁም ያበበ ነገር ላይ አትርጩ። ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ምሽት ላይ ይሁን። ከዋዜማው ደግሞ ቀፎ ላለው ጎረቤታችሁ ደውሉለት።